«ተልኳል» ይላል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን የለም፦ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ዳታን ከበስተጀርባ ስለመላክ የተደረገ ውይይት

መነሻ ጥያቄ

ክሩን (የመድረኩን ውይይት) የከፈተው ሰው የሚሠራው ቅጽ የሚሞላበት አፕ ነው። ተጠቃሚው ከቢሮ ውጭ ሆኖ ወደ 40 የሚጠጉ መስኮችን ይሞላል፣ እስከ 6 ፎቶ ያነሳል፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአፑ ሥራ ነው። ኔትወርኩ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። ጠያቂው የተከተለው አካሄድ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ነው። ከመላኩ በፊት ኔትወርክ መኖሩን ያያል። ካለ ፎቶዎቹን ወደ ቤዝ64 (ፋይልን በጽሑፍ ቁምፊዎች የሚጽፍ ዘዴ) ቀይሮ ከቅጹ ጋር በአንድ ጄሶን (የዳታ ጽሑፍ ቅርጽ) ይልካል። ካልተሳካ 3 ጊዜ ይሞክርና «አልተሳካም» ብሎ ይተወዋል። ታይምአውቱን (መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ) አልነካውም፤ ላይብረሪው ይዞት የመጣው 10 ሰከንድ ነው።

ችግሮቹን ሦስት ብሎ አስቀምጧል። አንዳንድ ቅጽ ሰርቨሩ ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይገባል። አንዳንዱ ስልኩ ላይ «ተልኳል» ይላል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን የለም። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አፑ እስኪከፈት ድረስ ምንም አይንቀሳቀስም። ጥያቄው፦ ፎርግራውንድ ሰርቪስ (ማሳወቂያ እያሳየ አፑ ባይከፈትም የሚሠራ ክፍል) ሁልጊዜ እንዲሮጥ ቢደረግ ሦስቱም ይፈታሉ ወይ?

1ኛ ምላሽ

የመጀመሪያው መላሽ በአክብሮት፣ «እርስዎ» እያለ ነው የጀመረው። ሦስቱ ችግሮች ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ስላሏቸው በአንድ ፎርግራውንድ ሰርቪስ እንደማይፈቱ ገለጸ። ከዚያ ወደ ኔትወርክ ፍተሻው ሄደ። ስልኩ ከዋይፋይ ጋር ተገናኘ ማለት ኢንተርኔት አገኘ ማለት አይደለም። ራውተሩ በርቶ ከራውተሩ ወደ ውጭ ያለው መስመር ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መጀመሪያ በመግቢያ ገጽ በኩል ግቡ የሚል ዋይፋይ ይሆናል። አንድሮይድ «ተገናኝቷል» የሚለውን «ኢንተርኔት መድረሱ ተረጋግጧል» ከሚለው ለይቶ የሚይዘው ለዚህ ነው። የተረጋገጠውም ቢሆን የሚናገረው ስላለፈው ቅጽበት ነው፤ ሲጠየቅ የነበረ ኔትወርክ ሲላክ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የኔትወርክ ለውጥ ዜናን ወረፋውን (ለመላክ ተራ የሚጠብቁትን ቅጾች) ለመቀስቀሻ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ለመላክ ወይም ላለመላክ መወሰኛ አታድርጉት አለ። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ዩአርኤልሴሽንን (ዳታ የሚልከውን የአፕል መሣሪያ) ግንኙነት እስኪመጣ ጠብቅ ብሎ ማዘዝ ስለሚቻል ፍተሻውን ራስ መጻፍ አያስፈልግም።

2ኛ ምላሽ

ይህ መላሽ ድግግሞሹን ብቻ ይዞ ሄደ፣ ጥሩ አድርጎም አሳየው። አፑ ቅጹን ላከ። ሰርቨሩ ተቀበለ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ጻፈ፣ 201 (ተጽፏል የሚል የስኬት ኮድ) ብሎ መለሰ። መልሱ መንገድ ላይ እያለ ኔትወርኩ ተቆረጠ። አፑ 10 ሰከንድ ጠብቆ፣ አልሄደም ብሎ ደምድሞ እንደገና ላከ። ሰርቨሩ ይህን አዲስ ቅጽ ነው ብሎ ሁለተኛ ረድፍ ጻፈ። አፑም ሰርቨሩም የታዘዙትን በትክክል ፈጽመዋል፤ ጥፋቱ ሁለቱን መላኮች አንድ የሚያደርግ መለያ አለመኖሩ ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቅጽ ተጠቃሚው «አስቀምጥ» ሲጫን ስልኩ ላይ ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ ቁጥር) መፍጠር፣ በየሙከራው ያንኑ መላክ፣ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ በዚያ ዓምድ ላይ የማይደገም የሚል ገደብ ማድረግ ነው። የተለመደውን ስህተትም ለይቶ አስጠነቀቀ፦ ዩዩአይዲውን የሚልከው ፈንክሽን ውስጥ መፍጠር። እንዲያ ከሆነ እያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ቁጥር ከሌለው አይሻልም።

3ኛ ምላሽ

ከ2ኛው ጋር ተስማምታ ሁለት ነገር አረመች። መጀመሪያ መለያው መኖሩን አይቶ፣ ከዚያ መጻፍ አይበቃም፤ ሁለት ሙከራ በአንድ ጊዜ ቢደርስ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ አግኝተው ሁለቱም ይጽፋሉ። መጻፉንና ግጭቱን መያዙን ለዳታቤዙ በአንድ ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል፤ ካለ ዝለለው የሚለው የኢንሰርት ዓይነት ለዚህ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው እርማት ይበልጥ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሰርቨሩ የተደገመውን በ409 (ግጭት አለ በሚል) ስህተት ከመለሰ አፑ አልተሳካም ብሎ ወረፋው ውስጥ ያቆየዋል፣ ቅጹ ደርሶ ሳለ ለዘላለም ሲንከራተት ይኖራል። ለተደገመው ቅጽ ለመጀመሪያው የተሰጠውን ያንኑ የስኬት መልስ መስጠት ይገባል።

4ኛ ምላሽ

ወረፋው የት ይኑር የሚለውን ያነሳው ይህ ነው። በማህደረ ትውስታ (ራም) ላይ ብቻ ያለ ሊስት ወረፋ አይባልም፤ ሲስተሙ አፑን ሲገድለው አብሮ ይሞታል። ቦታው ኤስኪዩላይት (ስልኩ ላይ ያለ ዳታቤዝ) ነው። ቅጹ የሚጻፍበትና የመላኪያ ሠንጠረዡ ረድፍ የሚጻፍበት ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጸና ወይ ሁሉም የሚሰረዝ ጽሕፈት) አንድ መሆን አለበት፤ ሁለት ከሆነ በመካከል አፑ ሲወድቅ ቅጹ ይኖራል፣ ወረፋው ውስጥ ግን የለም፣ ማንም አያስታውሰውም። የሠንጠረዡን ዓምዶችም ዘረዘረ፦ መለያው፣ ዓይነቱ፣ የይዘቱ ቅርጽ ስሪት ቁጥር፣ ሁኔታው፣ የሙከራ ብዛት፣ ቀጣይ ሙከራ የሚደረግበት ሰዓት፣ የመጨረሻው ስህተት። የስሪት ቁጥሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ አፑ ሲታደስ ወረፋው ውስጥ በድሮው ቅርጽ የተቀመጡ ቅጾች እንዳሉ ይቀራሉ፣ አዲሱ ኮድ ደግሞ ሊያነባቸው አይችልም።

ስለ ፎቶ የጻፈው ደግሞ ከሁሉ የጠቀመ ይመስለኛል። ከፎቶ መምረጫው የሚገኘው አድራሻ የንባብ ፈቃዱ አፑ እስኪቆም ወይም ስልኩ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ነው፤ የሚጸና ፈቃድ ካልተወሰደ በማግስቱ ሊላክ ሲል አይከፈትም። ስለዚህ ወዲያው ወደ አፑ የራሱ ማኅደር መቅዳት ያስፈልጋል፣ ግን ወደ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) አይደለም፤ ቦታ ሲጠብ ሲስተሙ ካሹን ያጸዳዋል። ሲቀዳ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፣ ወደ ዲስክ መውረዱ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ስሙ ይቀየር፤ በግማሽ የተጻፈ ፎቶ ሙሉ መስሎ እንዳይሄድ። አይፎን ላይ ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ ሙሉ መንገዱን ማስቀመጥ አይገባም። አፑ ሲታደስ የማኅደሩ መንገድ ሊለወጥ ስለሚችል የፋይሉን ስም ብቻ አስቀምጦ መንገዱን በየጊዜው ማዋቀር ነው።

5ኛ ምላሽ

አጭር ነው። ቤዝ64 መጠኑን በሲሶ ያሳድጋል። 4 ሜጋባይት የሆኑ 6 ፎቶዎች 24 ሜጋባይት ናቸው፤ በቤዝ64 32 ይሆናሉ። በሰከንድ 100 ኪሎቢት በሚሄድ መስመር ይህ 43 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በመካከል አንዴ ከተቆረጠ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ቅጹ ብቻውን ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ በቅድሚያ ይሂድ፣ ፎቶዎቹ በየራሳቸው መለያ አንድ በአንድ ይከተሉት። ሰርቨሩም ፎቶው ገና ያልደረሰ ቅጽን ተቀብሎ ስንት ፎቶ እንደሚጠብቅ ማወቅ አለበት።

6ኛ ምላሽ

ከ5ኛው ስሌት ተነሥቶ ወደ ቁርጥራጭ አላላክ ሄደ። ባለ 4 ሜጋባይቱ ፎቶ በዚያው መስመር 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይወስዳል፤ በየ2 ደቂቃው የሚቆረጥ ኔትወርክ ላይ በአንድ ጉዞ መቼም አይደርስም። ወደ 256 ኪሎባይት ቢቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ 21 ሰከንድ ነው፤ ሲቆረጥ የሚጠፋው ቢበዛ ያ ነው።

ተስ የተባለውን ክፍት ፕሮቶኮል አሠራር አብራራ። አፑ መጀመሪያ በሄድ (HEAD) ጥያቄ እስከ ስንተኛው ባይት ደርሶሃል ብሎ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ቁጥሩን ይመልሳል፣ አፑ ከዚያ ባይት ጀምሮ በፓች (PATCH) ጥያቄ ይልካል። ቁጥሩ ካልገጠመ ሰርቨሩ 409 ይላል፣ አፑም ተመልሶ ይጠይቃል። ደጋግሞ ያስገነዘበው ነጥብ አንድ ነው፦ የት እንደደረስን የሚናገረው ሰርቨሩ እንጂ ስልኩ የመዘገበው ቁጥር አይደለም። ጉግል ክላውድ ስቶሬጅ ተመሳሳይ ነገር በ308 ኮድ ያደርጋል፣ ቁርጥራጮቹም የ256 ኪሎባይት ብዜት መሆን አለባቸው። የአማዞን ኤስ3 ባለብዙ ክፍል አላላክ ግን ከመጨረሻው በቀር እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 5 ሜጋባይት እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ በ100 ኪሎቢት 7 ደቂቃ ገደማ ስለሚሆን ለደካማ መስመር አይመችም። ያልተጠናቀቁ ክፍሎችም እስኪሰረዙ ድረስ ያስከፍላሉ፤ ከተወሰነ ቀን በኋላ እንዲያጠፋቸው ደንብ ማስቀመጥ ግድ ነው።

7ኛ እና 8ኛ ምላሽ

ውይይቱ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። 7ኛው ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው አለ። ፎቶውን ረጅሙ ጎን 1600 ፒክስል እንዲሆን አሳንሱት፣ ጥራቱን 80 አድርጉት፣ አብዛኛው ፎቶ ከ300 እስከ 500 ኪሎባይት ይወርዳል፤ 400 ኪሎባይት በ32 ሰከንድ ይሄዳል፣ ቁርጥራጭ ምን ይሠራል?

8ኛው አልለቀቀውም። ፎቶው የቆጣሪ ቁጥር ወይም የተሰነጠቀ ግድግዳ የሚያሳይ ከሆነ ማሳነስ የተፈለገውን ዝርዝር ይበላዋል። ሲታመቅም ፎቶው ውስጥ ያለው የአቅጣጫ፣ የሰዓትና የቦታ መረጃ አብሮ ካልተቀዳ ይጠፋል፤ ፎቶዎች ተዘቅዝቀው የሚታዩት በዚህ ነው። የ7ኛው ምክር ያላሰበ ሰው ምክር ነው እስከ ማለትም ደረሰ፤ ያ ቃል ባይጨመር ይሻል ነበር፣ ምክንያቱም ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚያስፈልገው ዝርዝር በ1600 ፒክስል ከተነበበ ማሳነሱ ከማንኛውም ፕሮቶኮል በላይ ያግዛል። ካልተነበበ፣ ወይም ቪዲዮ ካለ፣ ቁርጥራጭ ያስፈልጋል።

9ኛ ምላሽ

የአንድሮይዱን ጎን ያብራራው ይህ ነው፤ የጠያቂውን ጥያቄም በቀጥታ መለሰ። ሁልጊዜ የሚሮጥ ፎርግራውንድ ሰርቪስ መፍትሔ አይሆንም። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ አፑ ከበስተጀርባ ሆኖ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ሊያስጀምረው አይችልም። በ14 የሰርቪሱን ዓይነት ማሳወቅ ግዴታ ሆነ። አንድሮይድ 15ን ዒላማ ላደረገ አፕ ደግሞ ዳታ የሚያመሳስለው ዓይነት በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ሰዓት ብቻ ይፈቀድለታል። ተጠቃሚው ራሱ «አሁን ላክ» ብሎ ለሚጀምረው ትልቅ ጭነት አንድሮይድ 14 ለዚሁ የተለየ የሥራ ዓይነት አምጥቷል። ለቀረው ዎርክማኔጀር (ሥራን ከበስተጀርባ በተመቸ ጊዜ የሚያስኬድ የአንድሮይድ ላይብረሪ) ይበቃል።

ከዚያ ዎርክማኔጀር ላይ የሚያደናቅፉትን ቦታዎች ጠቆመ። ለዎርከሩ (ሥራውን ለሚፈጽመው ክፍል) የሚሰጠው ግብዓት ከ10 ኪሎባይት መብለጥ ስለማይችል መለያውን ብቻ መስጠት፣ ይዘቱን ከዳታቤዙ ማንበብ። አንድ ዎርከር 10 ደቂቃ ያህል ሮጦ ይቆማል፣ ስለዚህ በየቁራጩ ሁኔታውን መጻፍ። በየጊዜው የሚደጋገም ሥራ ከ15 ደቂቃ በታች አይሆንም፤ 1 ደቂቃ ብሎ የጻፈ ሰው በ15 ነው የሚያገኘው። ወረፋውን የሚያራግፈው ሥራ አንድ ስም ይኑረው። አዲስ ቅጽ ሲቀመጥ «ተካ» የሚለው ምርጫ ከተሰጠ ግን እየተላከ ያለው በመካከል ይቋረጣል፤ በየ5 ደቂቃው ቅጽ የሚያስቀምጥ ተጠቃሚ ትልቁን ፎቶ መቼም አይጨርስም። «ያለውን አቆይ» ሲባል ደግሞ ዎርከሩ ሊያበቃ ሲል የገባው ቅጽ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። እርሱ የሚመርጠው ከኋላ የሚቀጥለውን ነው፤ ዎርከሩም ሠንጠረዡ ባዶ እስኪሆን ይዙር።

ጠያቂው ያላነሳውን አንድ ወጥመድም ጨመረ። የዎርክማኔጀር የሙከራ ክፍተት ሳይነካ ከተተወ ከ30 ሰከንድ ጀምሮ በየጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ 10ኛው ክፍተት 4 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ነው፣ ጣሪያው 5 ሰዓት። ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላም ወረፋው ለሰዓታት ተኝቶ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። አፑ ሲከፈት ሥራው ተሰርዞ እንደ አዲስ ቢመዘገብ ቆጠራው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

10ኛ እና 11ኛ ምላሽ

10ኛዋ የአይፎኑን ወሰደች። ከበስተጀርባ የሚሠራው ዩአርኤልሴሽን ሥራውን ከአፑ ውጭ ላለ የሲስተም ፕሮሰስ ያስረክባል፤ አፑ ቢቆምም መላኩ ይቀጥላል። ሁኔታዎች ግን አሉት። የሚላከው ፋይል መሆን አለበት፤ ማህደረ ትውስታ ላይ ያለ ዳታ ወይም ስትሪም አይቀበልም። መልሱ በዴሌጌት (ሲስተሙ በሚጠራው የአፑ ተቀባይ ክፍል) ነው የሚመጣው፣ በማጠናቀቂያ ብሎክ አይደለም። አንድ ጭነት ሳይነካ ከተተወ 7 ቀን ይጠብቃል፣ ስለዚህ ለቅጹ የተሰጠው የመላኪያ ፈቃድ ከ7 ቀን በፊት የሚያልቅ ከሆነ መዘጋጀት ያስፈልጋል። ፋይሎቹ በጥብቁ የጥበቃ ደረጃ ከተቀመጡ ደግሞ ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የተቀሰቀሰው አፕ ሊያነባቸው አይችልም፤ ስልኩ ጠፍቶ ከበራ በኋላ አንዴ ከተከፈተ የሚነበበውን ደረጃ መምረጥ ይሻላል።

11ኛው ሁለት ነገር አከለ። ተጠቃሚው አፑን ከቅርብ ጊዜዎቹ ዝርዝር ጠርጎ ከዘጋው አይኦኤስ ከበስተጀርባ ያሉትን ጭነቶች ሁሉ ይሰርዛል፣ አፑንም በራሱ አያስነሳውም። የትኛውም ኮድ ይህን አያልፍም፤ አፑ ሲከፈት ሠንጠረዡንና የሲስተሙን ዝርዝር አስተያይቶ የጎደለውን እንደገና ማስገባት ብቻ ነው የሚቻለው።

ሁለተኛው 6ኛውን ይነካል። አይፎን ላይ ከበስተጀርባ በ256 ኪሎባይት እየቆረጡ መላክ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አፑ ቁራጩ ሲያልቅ ተቀስቅሶ ቀጣዩን ባስጀመረ ቁጥር ሲስተሙ የሚያስጠብቀው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል፤ ጥቂት ቁራጮች ከሄዱ በኋላ ወረፋው የቆመ ይመስላል። ሙሉውን ፋይል በአንድ ጊዜ ማስረከብ ይሻላል። ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ ዩአርኤልሴሽን ከተቆረጠበት የሚቀጥል አላላክን ራሱ ያውቃል፤ ሰርቨሩ ያንን ረቂቅ ደረጃ መደገፍ አለበት።

6ኛው ተመልሶ እርማቱን ተቀበለ፣ አመሰገነም።

12ኛ ምላሽ

ስለ ዳግም ሙከራ ነው። ኮዶቹን በሁለት ከፈለ። ታይምአውት፣ የተቆረጠ ግንኙነት፣ 408 (ጊዜ አለፈ)፣ 429 (ጥያቄ በዛ) እና የ500ዎቹ ረድፍ (የሰርቨሩ የራሱ ችግር) ይደገማሉ፤ 429 ወይም 503 ከስንት ጊዜ በኋላ ተመለስ የሚል ራስጌ ይዞ ከመጣ ያ ይከበር። 400፣ 413 እና 422 (ሰርቨሩ የተላከውን አልቀበልም ሲል) ሺህ ጊዜ ቢደገሙ ያው ናቸው። 401 (ማንነትህ አልተረጋገጠም የሚል) ለብቻው ነው፤ ቶክኑ (የመግቢያ ማረጋገጫው) ይታደስና አንድ ጊዜ ይሞከር፣ አሁንም 401 ከሆነ ወረፋው ይቁም እንጂ ቅጹ እንደ ስህተት አይቆጠር። ክፍተቱም በዘፈቀደ ይበተን፤ ኔትወርኩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመለስ ሺህ ስልኮች በአንድ ሰከንድ ሰርቨሩን እንዳያጥለቀልቁት፣ ከዜሮ እስከ ጣሪያው ባለው መካከል አንዱን ሰዓት መምረጥ ነው።

የማይደገመው ቅጽ ምን ይሁን? ወደ ጎን ይውጣ፣ ለተጠቃሚው ይታይ፣ ከኋላው ያሉት ይለፉ። አንድ የተበላሸ ቅጽ ወረፋው ራስ ላይ ቆሞ መቶውን ከኋላው የሚያግድበት አሠራር ብዙ አፕ ውስጥ አለ።

13ኛ እና 14ኛ ምላሽ

13ኛው «እርስዎ» የሚለውን ትቶ ወደ «አንተ» ዞረ። 3 ጊዜ ሞክሮ መተው ማለት የሰው ሥራ መጣል ማለት ነው፣ ተጠቃሚው ቀኑን ሙሉ የሞላውን ቅጽ በ30 ሰከንድ ውስጥ ጨርሰህ ትተዋለህ፣ እንዲህ ያለ አፕ ከወረቀት ያነሰ ነው አለው። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ይዘቱን ግን እኔም እጋራዋለሁ። በኔትወርክ ችግር የቆመ ቅጽ የሙከራ ጣሪያ ሊኖረው አይገባም፤ ጣሪያ የሚኖረው ሰርቨሩ አንብቦ እንቢ ያለው ብቻ ነው። 14ኛው የመድረኩ አስተናጋጅ ነው፤ ስለ ኮዱ እንጂ ስለ ሰውዬው እንዳይጻፍ አሳስቦ ሄደ።

15ኛ እና 16ኛ ምላሽ

ጠያቂው ለ13ኛው ቃል መልስ ሳይሰጥ ተመለሰ። መለያውን ከቅጹ ጋር አያይዞ ድግግሞሹ ቆሟል። «ተልኳል» የሚለው ግን አሁንም ይዋሻል። ኮዱን ለጥፎ ነበር፤ ሁኔታው የሚጻፈው የጭነቱ መቶኛ 100 ሲደርስ ነው።

16ኛው ወዲያው አገኘው። መቶኛው የሚቆጥረው አፑ ለስልኩ ሲስተም ያስረከበውን ባይት ነው። ሲስተሙ ባይቶቹን መላኪያ ቋቱ ውስጥ ይይዛቸዋል፤ በቀርፋፋ መስመር ላይ ቋቱ ብዙ መቶ ኪሎባይት ሊይዝ ይችላል። 400 ኪሎባይት የሆነ ፎቶ አብዛኛው ገና ከስልኩ ሳይወጣ 100 ሊል ይችላል። የ10 ሰከንዱ ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኦኬኤችቲቲፒ (የአንድሮይድ አፖች የሚጠቀሙበት የኔትወርክ ላይብረሪ) ሳይነካ ከተተወ የመገናኛ፣ የመጻፊያና የማንበቢያ ታይምአውቶቹ እያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ናቸው። አፑ ጽፎ ጨርሶ መልስ መጠበቅ ሲጀምር የማንበቢያው ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፣ ባይቶቹ ግን ገና ከቋቱ እየወጡ ነው። በ10 ሰከንዱ ግንኙነቱ ይዘጋል፣ ቋቱ ውስጥ ያለው ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ የማንበቢያው ታይምአውት 60 ወይም 90 ሰከንድ ይሁን፣ ሁኔታውም ሰርቨሩ 200 ወይም 201 መልሶ፣ የመልሱ አካል ውስጥ ያለው መለያ ከተላከው ጋር ሲገጥም ብቻ ይለወጥ።

እኔ ከክሩ ሁሉ ይህን ምላሽ ነው የማስቀድመው። መድረሱን የሚያውቀው ተቀባዩ ብቻ ነው፤ ስልኩ የሚያውቀው ማስረከቡን ነው።

ከ17ኛ እስከ 19ኛ ምላሽ

ውይይቱ ወደ ቃል አመራረጥ ወጣ። 17ኛው ስህተቱ ከቃሉ ጀምሮ እንደሆነ ተናገረ፦ «ተልኳል» ከእጅ ወጣ ማለት ነው፣ «ደርሷል» ግን ተቀባዩ እጅ ገባ ማለት ነው፤ አፑ ሊል የሚገባው ሁለተኛውን ነው። 18ኛዋ ሦስት ሁኔታ ይበቃል አለች፦ «ስልክዎ ላይ ተቀምጧል»፣ «እየተላከ ነው»፣ «ደርሷል»። የመጀመሪያው በተለይ ተጠቃሚውን ያረጋጋዋል፤ ኔትወርክ ባይኖርም ሥራው እንዳልጠፋ ያውቃል፣ አፑንም ደጋግሞ አይከፍትና አይዘጋም። 19ኛው «አልተሳካም» የሚለው ቃል ኔትወርክ ለሌለበት ሁኔታ ፈጽሞ እንዳይውል ጠየቀ፣ ምክንያቱም ያንን ያነበበ ሰው ቅጹን ከመጀመሪያው ይሞላዋል፤ አዲስ ቅጽ አዲስ መለያ ስላለው ይህን ድግግሞሽ ሰርቨሩ አይይዘውም።

20ኛ ምላሽ

ፎቶዎች በዋይፋይ ብቻ ይሂዱ የሚል ምክር ሰጠ። ሌሎች ሁለት ሰዎች በየመካከሉ ተቃወሙት፤ ዋይፋይ የማያገኝ ተጠቃሚ ፎቶዎቹ ስልኩ ሲሰበር አብረው ይጠፋሉ። በመጨረሻ የተስማሙት ቅጹ በማንኛውም መስመር፣ ፎቶው መጀመሪያ በዋይፋይ፣ 24 ሰዓት ካለፈ ግን በሞባይል ዳታም እንዲሄድ፣ ምርጫውም ለተጠቃሚው እንዲታይ ነው።

21ኛ ምላሽ

ጠያቂው ቀጣይ ጥያቄ አነሳ፦ እንዴት ልፈትነው? የአውሮፕላን ሁነታን ማብራትና ማጥፋት ውሃ አያነሳም ተባለ፣ ያ ንጹሕ መቆረጥ ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው ግማሽ ሕይወት ያለው መስመር ነው። ሊነክስ ላይ በኔትኤም (ደካማ ኔትወርክን በሚያስመስል መሣሪያ) 800 ሚሊሰከንድ መዘግየት፣ 10 ከመቶ የፓኬት መጥፋት፣ 100 ኪሎቢት ፍጥነት መስጠት ይቻላል። ለአይፎን የአፕል የኔትወርክ ሊንክ ኮንዲሽነር አለ። አንድሮይድን በኤዲቢ (ከኮምፒውተር ስልኩን በሚያዝ መሣሪያ) ትእዛዝ አስገድዶ ወደ ዶዝ (ስልኩ ሳይነካ ሲቆይ ባትሪ የሚቆጥብበት ሁነታ) ማስገባትም መዘንጋት የለበትም።

ከዚያ አፑን በአራት ቦታ ግደሉት አለ፦ ቅጹ እንደተቀመጠ፣ ፎቶ እየተቀዳ ሳለ፣ ጭነቱ መካከል ላይ፣ እና ሰርቨሩ ጽፎ መልሱ ሳይደርስ። ለአራተኛው ሰርቨሩ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ሆን ብሎ ግንኙነቱን የሚዘጋበት የሙከራ መቀያየሪያ ያስፈልጋል፤ በእጅ ሊያዝ የሚችል ቅጽበት አይደለም። ከእያንዳንዱ በኋላ ሰርቨሩ ላይ አንድ ቅጽ ብቻ ካለ አልፏል።

22ኛ ምላሽ

የስልኩ ሰዓት የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ቅጾችን በስልክ ሰዓት መደርደር አይገባም፤ ሁለቱንም፣ ስልኩ የጻፈውንና ሰርቨሩ የተቀበለበትን፣ አስቀምጡ። ቀጣይ የሙከራ ሰዓትም በስልክ ሰዓት ከተጻፈ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ወረፋው ለቀናት ይቆማል፤ ከአሁን በጣም የራቀ ሰዓት ከተገኘ ወዲያው ይሞከር።

23ኛ ምላሽ

የመጨረሻው ጥያቄ ፎቶው ከስልኩ መቼ ይጥፋ የሚል ነበር። መላሿ ሰርቨሩ የተቀበለውን ፋይል ሻ-256 (ከይዘቱ የሚሰላ የፋይሉ አሻራ) አስልቶ እንዲመልስ፣ አፑም ፎቶው ሲቀዳ አስልቶ ካስቀመጠው ጋር እንዲያስተያይ፣ ሲገጥም «ደርሷል» ብሎ እንዲጽፍ፣ ፋይሉን ግን ከ7 ቀን በኋላ እንዲያጠፋ መከረች። ተጠቃሚው ከአፑ ልውጣ ሲል ወረፋው ባዶ ካልሆነ ስንት ቅጽ እንደቀረ በቁጥር ይነገረው፤ ወረፋውም ከመለያው ጋር በዚያው ተጠቃሚ ስም ይቆይ፣ ቀጥሎ በገባው ሰው ቶክን እንዳይላክ። ጠያቂው ይህን ኮዱ ውስጥ እንዳላሰበበት ጽፎ፣ የመላኪያ ሠንጠረዡ ላይ የተጠቃሚ ዓምድ ሊጨምር መሄዱን አሳወቀ።